«ዛሬ ፉርጎ ይሁን በይው»

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው። አፈሳ ድሬዳዋን ያስጨነቀበት፣ ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና የደረሰ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ በር ቆልፋ የምትውልበት ዘመን ነበር። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ በሕይወት ሳለች አልጽፈውም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። አሁን እናቴ የለችም።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ንዴት ነው። በቀደም ዕለት የጎረቤቴ ልጆች በሚነጋገሩበት ቋንቋ ተናድጄ ብናገር፣ እናታቸው «የልጆች ቋንቋ ነው፣ ምን አስጨነቀሽ? ሲያድጉ ይተውታል» ብላ ሳቀችብኝ። ደሜ ፈላ። ሲያድጉ ይተውታል! ሳያድግ የቀረም አለ እኮ። ወንድሜ ዘሪሁን አላደገም።

የምንኖረው ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነበር። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነው። ሥራው በቆመ ባቡር ዳርና ዳር እየሄደ የፉርጎዎቹን የብረት ጎማ በረጅም መዶሻ እየመታ ድምፁን ማዳመጥ ነበር። ጤነኛው ጎማ እንደ ደወል ይጮሃል። የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ወዲያው ይሞታል። እናም የሰፈሩ ልጆች ፉርጎ ምን እንደሆነ ለማወቅ አስተማሪ አላስፈለገንም። ጭነት የሚጫንበት፣ ሞተር የሌለው፣ ሌላ ካልጎተተው ንቅንቅ የማይል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ነው ዳንኤል ስድቡን የፈጠረው።

ዳንኤል ከወንድሜ ጋር አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ነበር። አባቱ የቀበሌያችን ባለሥልጣን ነው። ልጁ ከጅቡቲ የመጣ ጂንስ ይለብሳል፣ ጸጉሩን ያጎፍራል፣ ሲራመድ መሬቱን ለእሱ የሰጡት ነው የሚመስለው። ራሱን «ሎኮ» ብሎ ሰየመ፤ ሎኮሞቲቭ ለማለት ነው። ሎኮ ይጎትታል እንጂ አይጎተትም። ሎኮን ማንም አያዘውም። የቀረነው ፉርጎ ነን። እናቱ ስትልከው ዘይት የሚገዛ ፉርጎ ነው። ደወል ሲደወል ክፍል የሚገባ ፉርጎ ነው። ቤትህ ተቀመጥ ሲሉት እሺ ብሎ የሚቀመጥ ደግሞ የፉርጎ ፉርጎ ነው።

ቃሉ አንድ ወር ሳይሞላው ትምህርት ቤቱን ወረሰው። የሒሳብ መምህራችን ጥያቄ ጠይቆ እጅ የሚያወጣ ሲያጣ፣ ያልገባን መስሎት ያንኑ ትምህርት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አስረዳን። ምስኪን ሰው! ገብቶናል እኮ። ግን እጁን ያወጣ ሰው ከኋላ ወንበር እንደ ባቡር ጡሩምባ ይጮኽበታል፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ሰው አይደለም። አንዲት ጓደኛዬ ሐኪም ያዘዘላትን መነጽር ቦርሳዋ ውስጥ ቀብራ ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳውን ሳታይ ተማረች። «የታዘዘውን የሚያደርግ ማን ነው?» ሲሏት መልሱን ታውቀዋለች። በዓመቱ መጨረሻ ወደቀች። እኛም ሳቅን።

እኔ ራሴ ንጹሕ አይደለሁም። ቃሉን ቤታችን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ዘሪሁን ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበር፤ ጸጥ ያለ፣ ትምህርቱን የሚወድ ልጅ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የአባባን ምሳ በጨርቅ ቋጥሮ በዚያ ሐሩር እስከ ሥራ ቦታው ያደርስለት ነበር። አባቴም «ልጄ ካላመጣው ምግቡ አይጣፍጠኝም» ይል ነበር። አንድ ቀን ምሳውን አድርሶ ላቡን እየጠረገ ሲገባ፣ «ፉርጎው መጣ!» አልኩት። እንዲህ በዋዛ ነው ያልኩት።

«ደግሞ ፉርጎ ምን ማለት ነው?» አለች እናቴ።

እኔ ሳቅኩ። ዘሪሁን አልሳቀም። ፊቱ ቀላ፣ ጆሮው ሳይቀር ቀላ። በማግስቱ እናቴ ምሳውን ቋጥራ ስታቀብለው፣ «አስቴር ትውሰደው» ብሏት ወጣ። የእጄን አገኘሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በፀሐዩ የምመላለሰው እኔ ሆንኩ። አባቴ የመጀመሪያ ቀን ሲያየኝ መዶሻውን መሬት አስደግፎ፣ «ዘሪሁንን አመመው እንዴ?» አለኝ። ፈተና አለበት ብዬ ዋሸሁት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ ወንድሜን በዓይኔ እያየሁ ሌላ ሰው ሆነ። ለማትሪክ አብረውት የሚያጠኑትን ልጆች ተዋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ከእነዳንኤል ጋር ኳስ መጫወት ጀመረ። ኳስ እንኳ አይችልም ነበር። ዳንኤልም ወዳጁ አላደረገውም፤ ያ ልጅ ወዳጅ የለውም፣ የሚጎትተው ብቻ ነው የነበረው። ዘሪሁን እናቱን ባስከፋ ቁጥር ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። በእሺታ የዋለ ቀን ደግሞ ጡሩምባውን ይነፋበታል። አንድ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ በዚህ ይነዳል ቢሉኝ ዛሬ አላምንም ነበር፤ ያኔ ግን አይቼዋለሁ።

በዚህ መሀል የአፈሳው ወሬ ጠና። ዛሬ እዚህ ሰፈር፣ ነገ እዚያ ሰፈር እየተባለ ወጣቱ ከመንገድ መለቀም ጀመረ። የተለቀመው ሁርሶ ማሠልጠኛ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ጦር ሜዳ። እናቴ ዘሪሁንን ቁጭ አድርጋ በማርያም ስም አስማለችው። ነገሩ እስኪያልፍ ከትምህርት ቤት በቀር የትም ላይሄድ ማለላት። ሁለት ቅዳሜ ቃሉን ጠብቆ ቤት ዋለ። ሰኞ ሰኞ ትምህርት ቤት ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ጡሩምባውን እስከ እኛ ክፍል እሰማው ነበር።

ሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል። እናቴ ቀፊራ ገበያ ሄዳለች፣ አባቴ ሥራ ላይ ነው። ዘሪሁን ሽርጡን አገልድሞ ግቢያችን ካለው ዛፍ ሥር የፊዚክስ ደብተሩን ይዞ ተቀምጧል። በእኛ ቤት ሽርጥ ያገለደመ ወንድ የትም አይሄድም። ልብ በሉልኝ፤ ወንድሜ ሊወጣ አላሰበም ነበር። ደብተሩን ከፍቶ ነበር።

እኔ ስኳር መጥቷል ስለተባለ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። የእነዳንኤል ቤት ከሱቁ ፊት ለፊት ነው። «አስቱ!» የሚል ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል፣ ዳንኤል የግቢያቸውን በር ገርበብ አድርጎ ቆሟል። እሱም ሽርጥ አገልድሟል። በኳስ ቀን፣ በቅዳሜ፣ ሎኮ በሽርጥ! ዓይኔ አይቶታል። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ዳንኤል ስሜን ማወቁ ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት፤ ደስ አለኝ።

«ዘሪሁን ቤት ነው?»

«አዎ።»

«ንገሪው፤ ዛሬ ፉርጎ ይሁን በይው» አለና ሳቀ። ሱቁ በር ላይ መሣሪያ ይዞ የቆመውን አብዮት ጥበቃ በዓይኑ ገረፍ አድርጎ በሩን ዘጋ።

ስኳሩን ሳልይዝ ሰልፉን ጥዬ ሮጥኩ። የያዝኩት የሎኮ ቃል ነው፤ እንዴት ይቀመጣል? ቤት ደርሼ ከወንድሜ ፊት ቆምኩና አንዲት ፊደል ሳልጥል፣ አሳሳቁን ሳይቀር አስመስዬ፣ «ዳኒ ‹ዛሬ ፉርጎ ይሁን በይው› ብሎሃል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

«እንዲህ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ።»

ደብተሩን ዘጋ። ገብቶ ሱሪውን ለብሶ ሲወጣ ነው ጨዋታዬ የጠፋብኝ። «ለእማዬ ምለህላታል እኮ» አልኩት። «አሁን ነው የምመለሰው በያት። እኔ የማንም ፉርጎ አይደለሁም» አለኝ። የሸራ ጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ሄደ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ከወንዙ በኩል የመኪና ድምፅ፣ ፊሽካ፣ ከዚያ የሴቶች ጩኸት ተሰማ። ወደ ውጭ ሮጥኩ። ከመንገዱ ማዕዘን ላይ አደር ኡስማን የሚባል የሱማሌ ባለሱቅ ነበረን። አደር በቋንቋቸው አጎት እንደማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አደር ይለዋል። በድሬ ደግሞ አንቱታ ብዙም አይታወቅም፣ ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው። አደር ኡስማን የሱቁን በር በግማሽ ዘግቶ የሚሮጡትን ልጆች በክንዳቸው እየያዘ ወደ ውስጥ ይወረውራል። «ግባ! ግባ! ዋርያ፣ ግባ! ሰው እየለቀሙ ነው! አትውጣ!» ይላል። ስምንት ልጆች ያን ቀን ከዚያ ሱቅ ውስጥ ከብስኩት ካርቶን ኋላ ተደብቀው ተርፈዋል።

«አደር፣ ዘሪሁንን አይተኸዋል?» አልኩት።

«አይቼዋለሁ አቦ! ቅድም አለፈ። ጠዋት መኪኖቹ ወንዙ ጋ ሲቆሙ አይቻለሁ፣ ዛሬ ጥሩ አይደለም፣ አትሂድ አልኩት። ወላሂ በእጄ ያዝኩት። ‹አደር፣ እኔ ፉርጎ አይደለሁም› አለኝ።» ከዚያ ግራ ገብቶት አየኝ። «ፉርጎ ምንድን ነው? ፉርጎ የባቡር አይደለም?»

አሸዋው ድረስ ሮጥኩ። ስደርስ መኪኖቹ ሄደዋል። አሸዋው ላይ ኳሱና ብዙ ነጠላ ጫማ ቀርቷል። ሸራ ጫማ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ የሆነውን ለመናገር ድፍረቱን ያገኘሁት እንዴት እንደሆነ አላስታውስም። ዳንኤል የላከውን ግን አልነገርኳትም። ራሱ ወጣ አልኩ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከወንድሜ ክፍል አሥራ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ዳንኤል ግን አለ። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጂንሱን ለብሷል፣ ጸጉሩ ተጎፍሯል። ሲያየኝ ፈጥኖ መጣ።

«ምን ነክቶት ነው የወጣው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልኬበት ነበር እኮ! አልነገርሽውም?»

«ነገርኩት።»

«ፉርጎ ይሁን አላልኩሽም? ቤት ይዋል ማለት እኮ ነው። ይሄ አይገባም?»

ያኔ ነው የገባኝ። ከአባቱ ሰምቶ ነበር። እሱ ሽርጡን አገልድሞ በሩን ዘግቶ ዋለ፤ ለወንድሜ ደግሞ ነፍሱን ሊያተርፍለት የሚችለውን ነገር በስድብ ጠቅልሎ ላከለት። ዞሬ ሄድኩ። ለዚያ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

የታፈሱትን አንድ ግቢ ውስጥ ለቀናት ካቆዩአቸው በኋላ ወደ ሁርሶ በባቡር ሊወስዷቸው እንደሆነ አባቴ ሰምቶ መጣ። እኔና እናቴ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ጣቢያው ሄድን። ወታደሮች ስለቆሙ ከሐዲዱ ራቅ ብለን ነው የቆምነው። ከፊታችን የቆመው የመንገደኛ ባቡር አልነበረም። የጭነት ባቡር ነው። ልጆቹን ፉርጎ ውስጥ ነው የጫኗቸው። ከላይ ባለችው ጠባብ የንፋስ ማስገቢያ በኩል ጣት ብቻ ነው የሚታየው።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

አባቴ ሥራ ላይ ነበርና መዶሻውን ይዞ በባቡሩ ጎን ይሄዳል። ማንም አልከለከለውም፤ ሠራተኛ ነው። እያንዳንዱን ጎማ ይመታል፣ ጆሮውን ያስጠጋል። ድሮ አንዴ መትቶ ያልፍ ነበር፤ ያን ቀን አንዱን ጎማ ሦስቴ አራቴ ይመታል። ጎማውን እያዳመጠ አይደለም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ የልጁን ስም እየጠራ ነው። አምስተኛው ፉርጎ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «እዚህ ነው» ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

እናቴ «ልጄ!» ብላ ጮኸች። ከአምስተኛው ፉርጎ መስኮት አንድ እጅ እስከ አንጓው ድረስ ወጣ።

«አስቱ!» አለ። ድምፁ የእሱ ነው። «ለዳኒ ንገሪው! ዘሪሁን ፉርጎ ሆኗል በይው!»

ፉርጎው ውስጥ ያሉት ልጆች በሳቅ ፈነዱ። ሁሉም የእኛው ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፣ ቃሉን ያውቁታል። ብረቱ ራሱ የሳቀ ነው የሚመስለው። እኔም ሳቅኩ። እንባዬ በጉንጬ እየወረደ ሳቅኩ። ከዚያ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

እናቴ ያ ሁሉ ጫጫታ ባለበት ድምፁን እንጂ ቃሉን አልሰማችም። የሰማችው የእኔን ሳቅ ነው። በሁለት እጇ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ።

«ምን አለሽ? ምን ብሎሽ ነው የሳቅሽው?»

«እማዬን አደራ አለኝ» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «አትጨነቂ በያት፣ እማዬን አደራ አለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በዚያች ቃል ኖረች። ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባቷ፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ትናገራታለች። «ልጄ ፉርጎ ውስጥ ታጉሮ እንኳ እኔን ነው ያሰበው» ትላለች። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ተበትኖ በእግሩ ሲመለስ በየማለዳው ጣቢያው ሄዳ ትቀመጥ ነበር። ዘሪሁን አልመጣም። የመጣው አብሮት የነበረ ጓደኛው ነው፤ መርዶውን ይዞ። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። መርዶው የመጣ ሰሞን «ያ ልጅ ምሳዬን ለምን እንደተወ ሳላውቅ ቀረሁ» አለ፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም አልኩ።

እናቴ ግን ኖረች። ልጇ በአደራ ያስያዛት ሰው እንዴት ትሞታለች? ታማ ሐኪም ቤት ብንወስዳት «መድኃኒቴን አምጡ፣ አደራ አለብኝ» ትል ነበር። ባለፈው ዓመት በተኛችበት ሄደች።

በለቅሶዋ ላይ ሴቶቹ ምን ብለው እንዳለቀሱ ትገምታላችሁ። የሰፈሩ አልቃሽ ደረቷን እየመታች፣

«እማዬን አደራ ብለህ የላክህላት፣
ይኸው መጣችልህ ወጥተህ ተቀበላት»

ስትል ድንኳኑ ተናወጠ። እኔ ብቻ ነኝ ያላለቀስኩት። ሰው ሁሉ ሐዘን ያደነዘዘኝ መሰለው።

በሦስተኛው ቀን ዳንኤል ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሸብቷል፣ ሆዱ ገፋ ብሏል፣ ኮት ለብሷል። ሁርሶን አላየ፣ ጦር ሜዳ አልሄደ፤ ተምሮ፣ ወልዶ፣ ቤት ሠርቶ ኖሯል። ጸጉሩ ከመሳሳቱ በቀር ምንም አልጎደለበትም። ድንኳኑ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ አልቃሿ ያንን ግጥም ስትደግመው እንባውን ጠረገ። ሊሄድ ሲነሳ ወደ እኔ መጣና እጄን ያዘኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ አስቱ። እንዲህ ብሎ መሄዱን አላውቅም ነበር። እንዴት ያለ ልጅ ነበር! እኔ እኮ እንዳይወጣ ልኬበት ነበር። እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አይገባኝም።»

እጄን ከእጁ አወጣሁ። ለቅሶ ቤት ነው፣ ሰው ያያል፣ ነውር ነው፤ ሁሉንም አውቀዋለሁ።

«‹አይውጣ› አራት ፊደል ነው» አልኩት። «‹ፉርጎ› ሦስት። አንዲት ፊደል ናት የከበደችህ?»

«አስቱ፣ ጥበቃው እዚያ ቆሞ ነበር። በአደባባይ ብናገር አባቴን...»

«ጥበቃው ሱቁ በር ላይ ነበር። እኔ አንተ በር ላይ ነበርኩ። በጆሮዬ ብትለኝስ? አማርኛ በቅጡ የማይችለው አደር ኡስማን እንኳ አትውጣ ብሎ ጮኾ ስምንት ልጅ አተረፈ። አንተ ግን ግልጹን ብትናገር ሎኮነትህ ይቀርብህ ነበር።»

ዞር አለ። ሊሄድ ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«ቆይ፣ መልእክት አለህ። አደራ የሚለውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ለእናቴ ብዬ። ወንድሜ ከፉርጎው ውስጥ የጮኸው ለእናቱ አልነበረም፣ ላንተ ነው። ‹ለዳኒ ንገሪው፣ ዘሪሁን ፉርጎ ሆኗል በይው› ነው ያለው።»

ፊቱ ላይ የነበረው የለቅሶ ፊት ጠፋ። ቆሞ ያየኛል፣ የሚያየው ግን እኔን አልነበረም።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አለ።

«መልእክት ማድረስ ፈርቼ ነው» አልኩት። «ፊተኛውን በደንብ አድርሼው ነበር።»

ኮቱን አስተካክሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ይሻገር!

ተናግሬው ቀለለኝ ብል ውሸት ነው። ይቅር አላልኩትም፤ ራሴንም ይቅር አላልኩም። አፌ የጡሩምባው አካል ነበር። አሁን ልጆች አንዱን ልጅ መሀል አስገብተው የቃላቸውን ጅራፍ ሲያጮኹበት ባየሁ ቁጥር፣ እንደ አባቴ ቀረብ ብዬ ድምፁን አዳምጣለሁ። እየሳቀ ነው? ወይስ ድምፁ ሞቷል? ሞቶ ከሆነ መሀላቸው ገብቼ እሳደባለሁ። ክፉ ሴትዮ ይሉኛል። ይበሉኝ።

እናቴ ግን አደራዋን ይዛ፣ ልጇ እሷን ብቻ እንዳሰበ አምና ነው የሄደችው። ካደረግሁት ሁሉ የማይቆጨኝ ያ ውሸት ብቻ ነው።